ደርባን ወይስ ኬፕ ታውን? ባሕር ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወደቦች ለሚወርድ ሰው የቀረበ ንጽጽር

በጆሃንስበርግ የሚኖር ሰው፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሄደ እንግዳ፣ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ባሕር ማየት መፈለጉ አይቀርም። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ስለሆነች፣ ወደ ባሕሩ መውረድ የቦታ ብቻ ሳይሆን የአየርም ለውጥ ነው። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የወደብ ከተሞች መካከል ይሆናል፦ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ባለችው በደርባንና በአትላንቲክ ዳር ባለችው በኬፕ ታውን። ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው የትኛዋ ከተማ ታምራለች ብሎ ነው። በመልክ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ተራራን ከጀርባዋ አድርጋ የተቀመጠችውን ኬፕ ታውንን በውበት የምትስተካከል ወደብ በአህጉራችን ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን አጠራቅሞ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ለሚወጣ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ መቅደም የለበትም። መቅደም ያለበት በየትኛው ወር ትሄዳላችሁ የሚለው ነው፤ ማንን ይዛችሁ የሚለው ይከተላል። ሁለቱን ጥያቄዎች በቅጡ የመለሰ ሰው ከተማዋን የመምረጡን ሥራ ከግማሽ በላይ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ወሩን አስቀድሞ መወሰን

በደቡብ አፍሪካ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የብርድ ወራት ናቸው። ይህን የሰማ ሰው በእነዚህ ወራት ባሕር ዳር መሄድ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ይደመድማል። ብርዱ ግን በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት አይደለም። ኬፕ ታውን ዝናቧን የምታገኘው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ከአትላንቲክ የሚነሣው ነፋስ ደመና እያግተለተለ ያመጣል፣ ተራራው ለቀናት ይሸፈናል፣ የቀኑም ሙቀት ከ18 ዲግሪ ብዙም አይዘልቅም። እንግዲህ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኬፕ ታውን የገባ ሰው ከክረምት ወጥቶ ሌላ ክረምት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ደርባን ግን ዝናቧ በበጋዋ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚወርድ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰማይዋ አብዛኛውን ቀን ጥርት ያለ ነው። ቀኑ ከ22 እስከ 23 ዲግሪ ይሞቃል፣ ወበቁም ይቀንሳል፤ ማታ ማታ ሹራብ መደረብ በቂ ነው።

በጥርና በየካቲት ነገሩ ይገለበጣል። ኬፕ ታውን ደረቅና ብሩህ ትሆናለች፣ ፀሐይዋም እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። የዚህ ወቅት ፈተና ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው። የከተማዋ ሰዎች «ኬፕ ዶክተር» ይሉታል፤ የከተማውን የታፈነ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ ያወጡለት ስም ነው። ሲነሣ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ደመና ጠፍጥፎ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ወደ ታች ሲያወርድ ማየት ያስደንቃል፤ ያን ጊዜ ግን ወደ ተራራው የሚያወጣው የኬብል መኪና ይቆማል። ደርባን በእነዚሁ ወራት ከ28 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ወበቁ ልብስን ከገላ ያጣብቃል፣ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይወርዳል። በደጋ ያደገ ሰው ይህን አየር ለመልመድ ቀናት ይፈጅበታል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ልጆቹን ይዞ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ቤተሰብ ያለ ማመንታት ደርባንን እመክራለሁ። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ለሚመጡ አዋቂዎች ደግሞ ኬፕ ታውን ትሻላለች፤ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነፋሱ ስለሚበርድ ይበልጥ ትመቻለች። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ያሉት ቀናት የደቡብ አፍሪካውያን የራሳቸው ዕረፍት ስለሆኑ በሁለቱም ከተሞች የአልጋ ዋጋ ይንራል። በደርባን በአዲስ ዓመት ዕለት ባሕር ዳሩ ላይ የሚፈሰው ሕዝብ ብዛት ልጆች እንዳይጠፉ በክንዳቸው መለያ እስከ ማሰር ያደርሳል። በቀኑ ነጻነት ያለው ሰው ከዚህ ጊዜ ቢሸሽ ይጠቀማል።

ውኃው ራሱ

ባሕር ማየትና ባሕር ውስጥ መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሁለቱ ከተሞች ዋና ልዩነትም እዚህ ላይ ይገኛል። በደርባን ፊት ለፊት የሚያልፈው የአጉልሃስ የውቅያኖስ ጅረት ሞቃቱን ውኃ ከሰሜን፣ ከሞዛምቢክ አቅጣጫ ይዞ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በበጋ ውኃው እስከ 25 ዲግሪ ይሞቃል፤ በብርዱ ወቅት እንኳ ከ20 ዲግሪ ዝቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። በኬፕ ታውን ምዕራባዊ ዳርቻ የሚያልፈው የቤንጉዌላ ጅረት ግን ቀዝቃዛ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው፣ በዚያ በኩል ውኃው እጅግ የሚቀዘቅዘው በበጋው መካከል መሆኑ ነው፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በፀሐይ የሞቀውን የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው እየገፋ ሲያርቀው፣ በእሱ ቦታ ከጥልቁ ቀዝቃዛው ውኃ ይወጣል። በካምፕስ ቤይ አሸዋ ላይ በጥር ፀሐይ ላብ የሚያጠምቀው ሰው እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲነክር ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ይዘልቀዋል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለ ውኃ ነው፤ ልጆች ጮኸው ይወጣሉ፣ ተመልሰውም አይገቡም።

ኬፕ ታውን ውስጥ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ፎልስ ቤይ ማዞር ይኖርበታል። በዚያ በኩል በሚገኘው በሙይዘንበርግ ውኃው በበጋ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሞገዱም ለጀማሪ ይመቻል። በዚሁ ሥፍራ ከ2004 ጀምሮ ሻርክ የሚጠብቁ ሰዎች ከተራራው ወገብ ላይ ሆነው ባሕሩን ይቃኛሉ፤ ያዩትንም በባንዲራ ያስታውቃሉ። አረንጓዴ ማለት ውኃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው፤ ጥቁር ውኃው አልጠራም፣ ቀይ ንቁ፣ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራ ደግሞ ሻርክ ታይቷልና ወዲያው ውጡ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ልጅ ይዞ ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም።

ደርባን በሌላ መንገድ ትከላከላለች። ከ1952 ጀምሮ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ የሻርክ መረብ ተዘርግቷል። ሥራውን የሚመራው ተቋም ከከተማዋ በስተሰሜን በኡምሽላንጋ ይገኛል። መረቡ ባሕሩን እንደ አጥር ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ አይደለም፤ የሚሠራው ሻርኮቹን በመያዝ ነው፣ ዶልፊንና ኤሊም አብሮ ስለሚይዝ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ሲነቅፉት ኖረዋል። ለዋናተኛው ግን ከመረቡ ሌላ በዳርቻው የነፍስ አድን ሠራተኞች ስላሉ፣ በተተከሉት ባንዲራዎች መካከል እስከሆነ ድረስ ከልጆች ጋር ተረጋግቶ መዋኘት ይቻላል።

የደርባንን ድካምም መደበቅ የለብኝም። በሚያዝያ 2022 ከ400 በላይ ሰዎችን የገደለው የጎርፍ አደጋ የከተማዋን የፍሳሽ መስመሮች ክፉኛ ጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ እየገባ አንዳንድ ዳርቻዎች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ስለዚህ ወደ ውኃው ከመግባት በፊት ዳርቻው በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ማጣራት፣ ከከባድ ዝናብ ማግሥት ደግሞ በተለይ ከኡምጌኒ ወንዝ መውጫ አካባቢ መራቅ ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት ዝናብ ስለሚቀንስ ይህም ስጋት ይቀላል።

ባልዋኝስ ለሚል ሰው፣ የደርባን የባሕር ዳር መራመጃ ብቻውን የመንገዱን ድካም የሚያስቆጭ አይደለም። ወደ 8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ለመኪና የተከለከለ፣ ሰፊ፣ ለሁሉም ያለ ክፍያ የተከፈተ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከባሕሩ ውስጥ ስትወጣ ሯጮች፣ ሞገድ ጋላቢዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ሳሪ የለበሱ አሮጊቶች በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በአድማሱ ላይ ወደ ወደቡ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ተሰልፈው ይታያሉ። የመራመጃው ደቡባዊ ጫፍ የወደቡ መግቢያ ነው፤ ኮንቴይነር እንደ ፎቅ የደረደረ መርከብ በዚያ ጠባብ አፍ ሲገባ በጣም ከመቅረቡ የተነሣ በመርከቡ ደረት ላይ የቆመውን ሠራተኛ ከዳር ሆኖ መለየት ይቻላል። ወደብ በሌለው አገር ላደገ ልጅ ይህን ከማሳየት የሚበልጥ ስጦታ ብዙም አላውቅም።

ከአሸዋው ባሻገር

ታሪክ ለማየት የሚሄድ ሰው በኬፕ ታውን አይደክምም፤ ሁሉም በሥርዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈባት ሮበን ደሴት ከከተማዋ ወደብ በጀልባ የምትደረስ ናት፤ በወኅኒው ውስጥ የሚያስጎበኙት ብዙ ጊዜ ራሳቸው የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች ናቸው። ጉዞው ግማሽ ቀን ስለሚወስድና ባሕሩ ሲቆጣ ስለሚሰረዝ ቲኬቱን በመጀመሪያው ቀን እንጂ በመጨረሻው ቀን መቁረጥ አይመከርም። ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር በ1966 ለነጮች ብቻ ተብሎ ከታወጀ በኋላ ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነቅለዋል፤ የዚያ መታሰቢያ የሆነው ሙዚየም መሐል ከተማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ወደ ጠረጴዛ ተራራ ለመውጣት ደግሞ ቁርጥ ቀን መያዝ አይገባም፤ ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ማለዳ በተገኘ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቶ መውጣት ነው።

የደርባን ታሪክ ከዚህ ያነሰ አይደለም፤ የተበታተነ ነው እንጂ። ጋንዲ ከሕንድ መጥቶ በዚህ ወደብ የወረደው በ1893 ነው። በ1904 ያቋቋመው የፊኒክስ መንደር፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ዱቤ የመሠረተው የኦህላንጌ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ኢናንዳ በሚባል አካባቢ ተቀራርበው ይገኛሉ። ማንዴላ በሚያዝያ 27 ቀን 1994 በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በዚያው በኦህላንጌ ነው፤ ቦታውን የመረጠው ዱቤ በዚያ ስለተቀበረ ነበር። በዚያው በኢናንዳ አካባቢ የኢሳይያስ ሼምቤ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በቀዳሚት ሰንበት ሲሰግዱ ያየ ኢትዮጵያዊ ለአፍታ አገሩ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ወደዚህ አካባቢ በራስ መንገድ እየጠየቁ መሄድ አይመከርም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል። ኬፕ ታውን በዚህ በኩል ትቀድማለች፤ የምትቀድመው በዝግጅት እንጂ በታሪክ ክብደት አይደለም።

ምግብና ጾም

በዚህ ጉዳይ ሚዛኑ ወደ ደርባን ይደፋል፤ ለሚጾም ሰው ደግሞ ጨርሶ ይደፋል። ከኅዳር 1860 ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ በኮንትራት የመጡ ሕንዳውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የከተማዋ ትልቅ ክፍል ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ሥጋ ስለማይበሉ የአትክልትና የጥራጥሬ ወጥ በየምግብ ቤቱ ዘወትር አለ። የከተማዋ መለያ የሆነው ምግብ ባኒ ቻው ይባላል፤ የሩብ ዳቦ መሐሉ ተፍቆ ይወጣና በጉድጓዱ ውስጥ የሚያቃጥል ወጥ ይሞላበታል፣ ተፍቆ የወጣው ልብ ደግሞ ከላይ እንደ መክደኛ ይቀመጣል። የሚበላው በእጅ ነው። በመክደኛው ልብ እየጠቀሱ ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ወጡ የጠጣውን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች እየቆረሱ ይወርዳሉ፤ ለእንጀራ በላተኛ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። የበግ ሥጋው ይወደሳል፤ በፍልሰታ ጾም የደረሰ ሰው ግን የባቄላውን ይዘዝ። ምግብ አብሳዩ ቅቤ ወይም ወተት ገብቶበት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ግድ ነው፤ ሕንዳዊ ሥጋ የሌለበትን ጾም ቢለውም ቅቤውን አይተውምና።

ለሙስሊም ወገኖች ሁለቱም ከተሞች ይመቻሉ። ደርባን ውስጥ በ1881 የተመሠረተው የጁማ መስጊድ አካባቢ፣ ኬፕ ታውን ውስጥ ደግሞ ቤቶቹ በየቀለሙ የተቀቡት ቦካፕ ሰፈር ሐላል ምግብ የሚገኝባቸው ናቸው። ኬፕ ታውን በዓሣና በፍራፍሬዋ አትታማም፤ ሒሳቡ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይታወቃል።

መንገድ፣ ማደሪያና ጥንቃቄ

ከጆሃንስበርግ ደርባን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ ኬፕ ታውን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በመኪና ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ደርባን 570 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነች በአንድ ቀን ያለ ጥድፊያ ይደረሳል፣ ወደ ኬፕ ታውን ያለው 1,400 ኪሎ ሜትር ግን ሁለት ቀን ሊመደብለት ይገባል። አራትና አምስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ብቻ ወጪውን በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ኤን 3 በሚባለው የደርባን መንገድ ላይ ከወደቡ ኮንቴይነር ጭነው የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ስለሚበዙ በሌሊት ከመንዳት መቆጠብ ያሻል፤ በብርዱ ወቅት ደግሞ በቫን ሪነን ማለፊያ ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ወርዶ መንገዱን ስለሚዘጋ በዋዜማው የአየር ትንበያውን ማየት ተገቢ ነው።

ደርባን ውስጥ ማደሪያ ሲመረጥ በመሐል ባሕር ዳርና በኡምሽላንጋ መካከል መወሰን ያስፈልጋል። መሐል ባሕር ዳሩ ይረክሳል፣ መራመጃው ከበር ላይ ይጀምራል፤ ሲመሽ ግን ከባሕር ዳሩ ወደ ከተማው ውስጥ በእግር መግባት አያዋጣም። ኡምሽላንጋ ይወደዳል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ለአውሮፕላን ማረፊያውም ይቀርባል። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ኡምሽላንጋን፣ ወደቡንና ገበያውን ማየት ለሚፈልጉ መሐሉን እመርጣለሁ። በኬፕ ታውን ሲ ፖይንት የተባለው ሰፈር ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ለባሕሩም ለመሐል ከተማውም ቅርብ ነው።

በሁለቱም ከተሞች ስልክ በእጅ ይዞ በመንገድ አለመቆም፣ ሲመሽ በስልክ በሚጠራ ታክሲ መንቀሳቀስ፣ በተራራ ዱካዎችም ላይ ብቻን አለመሄድ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ለወገን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ2015 በደርባንና በዙሪያዋ በውጭ አገር ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት በሱቃቸው ውስጥ ተቃጥለው ሕይወታቸውን ያጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጎብኚ የሚያርፍበት ሰፈርና ነጋዴ የሚሠራበት ሰፈር አንድ አይደለም፤ ቢሆንም በከተማዋ ዳር ሱቅ ያለውን ዘመዱን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው መንገድ መምጣት እንዳለበት ዘመዱን አስቀድሞ ጠይቆ እንደ ምክሩ ቢያደርግ ይበጃል።

ሦስተኛዋ ወደብ

ፖርት ኤልዛቤት ከ2021 ጀምሮ መጠሪያዋ ቄቤርሃ ሆኗል። ነፋስ የሚበዛባት፣ ትሑት፣ የመኪና ፋብሪካዎች የሚያኖሯት ከተማ ናት፤ ለባሕር ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ከደርባን ያነሰ ያገኛል። ሁለት ነገሮች ግን አሏት። አንደኛው የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ ያለው የአዶ የዝሆኖች ፓርክ ነው፤ በ1931 ሲቋቋም በአካባቢው የቀሩት ዝሆኖች 11 ብቻ ነበሩ፣ ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል። የወባ ስጋት ስለሌለበት ሕፃናት ይዞ አራዊት ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም።

ሁለተኛው ኢትዮጵያዊን የሚመለከት ነው። በመሐል ከተማዋ በመስቀል ቅርጽ የቆመ፣ በ1986 የተመረቀ ሐውልት አለ፤ በክቡ መሐል አንድ ንጉሥና አንድ ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ተቀምጠዋል። ንጉሡ አውሮፓውያን ለዘመናት ሲፈልጉት የኖሩት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ያሉት ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ ነው። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ባርቶሎሜው ዲያዝ በ1488 እስከዚህ ዳርቻ ሲደርስ ከታዘዘው አንዱ የዚህን ንጉሥ አገር ማፈላለግ ነበር። የእኛ ስም ከዚህ ወደብ ጋር የተያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በመኪና ወደ ደርባን ለሚወርዱ

ደርባንን መርጦ በመኪና የሚሄድ ሰው ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በሃዊክ ከዋናው መንገድ ይውጣ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ በነበረው ማሠልጠኛ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ደርባን ወርዶ ከትግል ጓዶቹ ጋር ተገናኘ፣ በነሐሴ 5 ቀን ራሱን ሾፌር አስመስሎ ወደ ጆሃንስበርግ ሲመለስ ፖሊሶች በዚህ መንገድ ላይ አስቁመው ያዙት። እስከ 1990 ድረስ ነጻ ሆኖ አልዋለም። በቦታው 50 የብረት ዓምዶች ቆመዋል። በእግረኛ መንገዱ ወደ እነሱ ሲወረድ እንዲሁ በዘፈቀደ የተተከሉ ይመስላሉ፤ 35 ሜትር ያህል ሲቀር ግን ገጥመው የማንዴላን ፊት ይሠራሉ፣ ጥቂት እርምጃ ሲጨመር ፊቱ ይበተንና መልሰው ብረት ይሆናሉ። ልጆች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሱ ትክክለኛውን ቦታ ሲፈልጉ ጥሩ ጊዜ ያሳልፋሉ። ከዚያ ተነሥቶ ደርባን ለመግባት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ማለዳ ከጆሃንስበርግ የወጣ ቤተሰብ ምሳውን ሃዊክ በልቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሕሩ ጋር ይደርሳል።